በሩን የሚያልፍ ሁሉ በማትሪክሱ ይለፍ፦ ዩክሊዳዊ ያልሆኑ ቨርቹዋል ስፍራዎች አሠራር

ከውጭ ሲለካ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ክፍል፣ በሩን ሲያልፉት ሃያ ሜትር የሚረዝም አዳራሽ ይሆናል። አራት ጊዜ ወደ ቀኝ የታጠፈ መተላለፊያ ወደ ተነሱበት መመለስ ሲገባው ሌላ ቦታ ያወጣል። እንዲህ ያለ፣ የተለመደውን የዩክሊድ ጂኦሜትሪ የማይከተል ስፍራ በጌም ኢንጂን (ጌም በሚሠራበት ሶፍትዌር) ለመሥራት የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሞክረው ዕቃዎቹን በሼደር (የግራፊክስ ካርዱ ሥዕሉን በሚስልበት ትንሽ ፕሮግራም) ማጣመም ነው። ያ መንገድ ሩቅ አይወስድም። የሚታየው ይጎብጣል እንጂ የሚረገጠው አይጎብጥም፤ ግጭቱ፣ ሬይካስቱ (ምን እንደሚነካ ለማወቅ የሚላከው ምናባዊ ጨረር)፣ ድምፁ ሁሉ በቀድሞው ቀጥ ያለ ዓለም ውስጥ ይቀራል።

የሚያዋጣው አስተሳሰብ ሌላ ነው። ዓለሙን እያንዳንዳቸው ተራ ወደሆኑ ክፍሎች ቁረጡት፤ የምትለውጡት ክፍል ከክፍል የሚገናኝበትን ደንብ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ አንድ ማትሪክስ (የቁጥሮች ሰንጠረዥ) ይቀመጣል። ከዚህ ወጥቶ እዚያ የሚገባ ነገር ቦታው፣ አቅጣጫውና መጠኑ እንዴት እንደሚቀየር የሚናገረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አንድ ሕግ ማክበር ነው፦ በሩን የሚያልፍ ነገር ሁሉ፣ ካሜራም ሆነ አካል፣ ፍጥነትም ሆነ ድምፅ፣ በዚያው ማትሪክስ ይለፍ። ከታች የምታዩአቸው ብልሽቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጡት አንድ ነገር ሳያልፍ በመቅረቱ ነው።

ሁለት በሮችን ማገናኘት

ልካቸው እኩል የሆነ ሁለት በሮች (ፖርታሎች) አቁሙ፤ ወርዳቸው 1.2፣ ቁመታቸው 2.2 ሜትር ቢሆን ለሰው ይበቃል። የእያንዳንዱ በር የፊት ዘንግ በሩ ወደቆመበት ክፍል ይመልከት። ከመጀመሪያው በር ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው ማትሪክስ ይህ ነው፦

የሁለተኛው በር ማትሪክስ × በቁም ዘንግ ላይ 180 ዲግሪ መዞር × የመጀመሪያው በር ማትሪክስ ግልባጭ

ግልባጭ ማለት የማትሪክሱን ሥራ ወደ ኋላ የሚመልሰው ማትሪክስ ነው። ቀመሩ የሚሠራው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ነገሩ መጀመሪያ ከመጀመሪያው በር አንጻር ይለካል፣ ይዞራል፣ ከዚያ በሁለተኛው በር ቦታ ላይ ይተከላል። ጌም ኢንጂኖቹ ዩኒቲና ጎዶት በዚህ ተራ ያባዛሉ፤ አንሪል ኢንጂን ግን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያስኬድ ተራው ይገለበጣል። መፈተኑ ቀላል ነው። ከመጀመሪያው በር ፊት አንድ ሜትር ላይ ኳስ አስቀምጡና በማትሪክሱ አሻግሩት፤ ከሁለተኛው በር ጀርባ አንድ ሜትር ላይ መገኘት አለበት። ከፊቱ ከተገኘ 180 ዲግሪው ተረስቷል።

በሩ ውስጥ የሚታየውን ምስል የሚያነሳው ሁለተኛ ካሜራ ነው። በየፍሬሙ (ስክሪኑ ላይ በሚሳለው በእያንዳንዱ ምስል) የተጫዋቹን ካሜራ በማሻገሪያው አባዙና ውጤቱን ለሁለተኛው ካሜራ ስጡት፤ የእይታ አንግሉንና የስክሪኑን ምጥጥን እንዳለ ቅዱለት። ይህ የሚሠራው የተጫዋቹ ካሜራ የመጨረሻ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው፤ በዩኒቲ ሌት አፕዴት (ከሌሎቹ አፕዴቶች በኋላ የሚጠራው ተግባር) ውስጥ ማለት ነው። ቀድሞ ከተሠራ የበሩ ምስል አንድ ፍሬም ወደ ኋላ ይቀርና፣ ጭንቅላት በዞረ ቁጥር በሩ ውስጥ ያለው ዓለም እንደ ውሃ ይዋልላል።

ምስሉ የስክሪኑን ያህል ስፋት ባለው ሬንደር ቴክስቸር (በስክሪኑ ፋንታ ሜሞሪ ውስጥ የሚሳል ምስል) ላይ ይሳልና በበሩ ገጽ ላይ በስክሪን መጋጠሚያ (ፒክስሉ በስክሪኑ ላይ ባለበት ቦታ) ይለጠፋል። በበሩ በራሱ የቴክስቸር መጋጠሚያ ከለጠፋችሁት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ይመስላል። በ1920 በ1080 ፒክስል አንዱ የቀለም ቴክስቸር 8.3 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ የጥልቀቱ በፈር (የየፒክስሉን ርቀት የሚይዘው ሜሞሪ) ሲጨመርበት እጥፍ ይሆናል። በስቴንስል በፈር (የትኛው ፒክስል እንደሚሳል የሚወስን ጭንብል) መሥራት ይህን ሜሞሪ ይቆጥባል፣ የበሩም ጠርዝ አይሻክርም፤ ለቪአር (ጭንቅላት ላይ ለሚለበስ ቨርቹዋል ሪያሊቲ) ከሆነ ከመጀመሪያው በስቴንስል ብትጀምሩ ይሻላል።

ሁለተኛው ካሜራ ከሁለተኛው በር ጀርባ ስለሚቆም በእሱና በበሩ መሀል ያለ ግድግዳ እይታውን ይጋርደዋል። መፍትሔው ኤሪክ ሌንግየል በ2005 ያሳተመው ዘዴ ነው፦ የካሜራው የቅርብ መቁረጫ ወለል (ከእሱ ወዲህ ያለ ነገር የማይሳልበት ወሰን) ተነስቶ በበሩ ወለል ላይ እንዲያርፍ የፕሮጀክሽን ማትሪክሱ (ዓለሙን ወደ ጠፍጣፋ ምስል የሚቀይረው) ይስተካከላል። ዩኒቲ ለዚህ ዝግጁ ተግባር አለው። አንድ ጥንቃቄ አለ። ካሜራው ወደ በሩ በጣም ሲጠጋ የጥልቀት በፈሩ ትክክለኛነት ይበላሻል፤ ርቀቱ ከ0.2 ሜትር ሲያንስ ወደ ተራው ፕሮጀክሽን ተመለሱ።

በር በበር ውስጥ ሲታይ ከጥልቁ ጀምራችሁ ወደ ላይ ሳሉ፤ አራት ወይም አምስት ደረጃ ይበቃል። የመጨረሻውን በጉሙ ቀለም ሙሉት። እያንዳንዱ ደረጃ ትዕይንቱን እንደገና መሳል ስለሆነ፣ የውስጠኛው በር በስክሪኑ ላይ የሚይዘው አራት ማእዘን ከውጨኛው ጋር የማይገናኝ ከሆነ ጨርሶ አትሳሉት።

በሩን ማለፍ

ብዙ ሰው የሚንገዳገደው እዚህ ነው። ተጫዋቹ ሊያልፍ ሲል ለአንድ አፍታ ከበሩ ጀርባ ያለው ባዶ ግድግዳ ብልጭ ይላል። ምክንያቱ የካሜራው የቅርብ መቁረጫ ወለል ከካሜራው ቀድሞ በሩን መብሳቱ ነው። የዚያ ወለል ጥግ ከዓይኑ የሚርቀው ከምታስቡት በላይ ነው፦ የቅርብ ርቀቱ 0.1 ሜትር፣ የቁም እይታው 60 ዲግሪ፣ ስክሪኑ 16 በ9 ከሆነ ጥጉ 0.155 ሜትር ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የበሩ ገጽ ወረቀት አይሁን፤ ውፍረቱ ቢያንስ 0.16 ሜትር የሆነ ሣጥን አድርጉትና ተጫዋቹ ካለበት በተቃራኒው በኩል እንዲዘረጋ በየፍሬሙ አንቀሳቅሱት።

መሻገሩን የምታውቁት ከበሩ ወደ ዓይኑ የሚሄደውን ቬክተር ከበሩ የፊት ዘንግ ጋር በዶት ብዜት (ውጤቱ አንድ ቁጥር በሆነው የቬክተሮች ብዜት) በማባዛት ነው፤ የውጤቱ ምልክት ከተቀየረ በሩ ታልፏል። የሚለካው የካሜራው ቦታ እንጂ የአካሉ መሀል አይደለም። አካሉ ቀድሞ ዓይኑ ከዘገየ ምስሉ ይዘላል። የምልክቱ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ያለፈውንና የአሁኑን ቦታ የሚያገናኘው መስመር በበሩ አራት ማእዘን ውስጥ መውደቁንም አረጋግጡ። በሴኮንድ 40 ሜትር የሚበር ነገር በ0.02 ሴኮንድ የፊዚክስ እርምጃ 0.8 ሜትር ይዘላል፤ በበሩ ዙሪያ የተቀመጠ ቀጭን ኮላይደር (ግጭት የሚለካበት ቅርጽ) ብቻ ብትጠብቁ ሳይነካው ያልፋል።

ሲሻገር ቦታውና አቅጣጫው በሙሉ ማትሪክሱ ይባዛሉ፤ ፍጥነቱና የመሽከርከር ፍጥነቱ ግን በማዞሪያው ክፍል ብቻ፣ ያለ ማንሸራተቻው። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት የተደበቁ ትዝታዎች ናቸው፤ ሰው ቀናት የሚያጠፋውም በእነሱ ላይ ነው። የማውስ እይታ ስክሪፕቱ የአግድም ዙሩን በራሱ ተለዋዋጭ ውስጥ ይዞ ከሆነ፣ ካሜራውን ብታዞሩትም በሚቀጥለው ፍሬም ወደ ድሮው አቅጣጫ ይመልሰዋል፤ የሁለቱን በሮች የአንግል ልዩነት እዚያ ተለዋዋጭ ላይ ደምሩ። የዩኒቲ ካራክተር ኮንትሮለር (ተጫዋቹን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ) የራሱን ቦታ ስለሚያስታውስ ከመሻገሩ በፊት አጥፉት፣ ከተሻገረ በኋላ አብሩት። የፊዚክስ ኢንተርፖሌሽን (በሁለት እርምጃዎች መሀል ያለውን ቦታ እየሞላ እንቅስቃሴውን የሚያለሰልሰው) ከበራ አካሉ ከድሮው በር እስከ አዲሱ ተጎትቶ ይታያል፤ በተሻገረበት ቅጽበት ዳግም አስጀምሩት።

በበሩ ግማሽ ላይ ያለ ዕቃ ሁለት መሆን አለበት። ቅጂውን በማትሪክሱ አሻግራችሁ በሌላው በኩል አስቀምጡ፤ ሁለቱንም በሼደር በየበራቸው ወለል ላይ ቁረጧቸው። ከበሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ኮላይደር በበሩ ክልል ውስጥ ላለው ዕቃ ብቻ ይታለፍ። የድምፅ ምንጭም በማትሪክሱ ይሻገራል፤ ርቀቱ ግን እስከ በሩ ያለውና ከበሩ ወዲያ ያለው ተደምረው ነው። ብርሃን በራሱ አያልፍም። የመብራቱን ቅጂ አሻግሩና ወሰኑን በበሩ አካባቢ ገድቡት፤ ጥላው ፍጹም አይሆንም፣ በአብዛኛው ግን ዓይን አይዘውም።

ሥራው መስተካከሉን ለማየት ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ሜትር ካሬ በተከፋፈለ ወለል አልብሱና በሴኮንድ 0.1 ሜትር እየተራመዳችሁ ስክሪኑን ቅረጹ። ከዚያ ፍሬም በፍሬም ተመልከቱት። የወለሉ መስመር በደፉ ላይ ለአንድ ፍሬም ብቻ ከተሰበረ ችግሩ የቅደም ተከተል ነው። ሁልጊዜ ከተሰበረና ከጎን ሲታይ ከባሰ የእይታ አንግሉ ወይም ምጥጥኑ አልተቀዳም። መስመሩ ሳይሰበር ጥላው ብቻ ከዘለለ ያልተሻገረው መብራቱ ነው።

ስበትና መጠን

አንዱን በር ወለል ላይ፣ ሌላውን ከእሱ በሦስት ሜትር ከፍታ ጣሪያው ላይ ብታደርጉ የወደቀ ኳስ ማብቂያ የለውም። በየዙሩ የሦስት ሜትር ውድቀት ጉልበት ይጨመርበታል፤ ከ10 ዙር በኋላ በሴኮንድ 24 ሜትር፣ ከ100 ዙር በኋላ 77 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ስምንት ሴኮንድ አይፈጅም። ስበት እንደወትሮው ጉልበትን ጠብቆ የሚያኖር ኃይል መሆኑ በሩ በተከፈተበት ቅጽበት ያበቃል። የፕሮግራም ስህተት አይደለም፤ ለጨዋታው መልካም መሣሪያ ነው፣ ግን ገደብ ይፈልጋል። የፍጥነት ጣሪያውን በሴኮንድ 50 ሜትር ላይ አድርጉ፤ በ0.02 ሴኮንድ እርምጃ ይህ አንድ ሜትር ስለሆነ ከላይ ያለው የመስመር ፍተሻ በደንብ ይይዘዋል።

በሩ ካዘመመ ተጫዋቹ በጎኑ ይወጣል። ስበትን እንደ አንድ የጋራ ቬክተር አትያዙት፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ይያዝ። አካሉ ወደ አዲሱ ስበት በ0.3 ወይም በ0.5 ሴኮንድ ውስጥ ይቅና። በቪአር ግን እይታን ያለ ሰውየው ፈቃድ ማዘንበል ያቅለሸልሻል፤ በዚያ በሮቹ በቁም ዘንግ ዙሪያ ብቻ ይለያዩ።

መጠን የሚቀይር በር ተጫዋቹን በእጥፍ የሚያሳንስ ከሆነ ቁመቱ፣ ፍጥነቱ፣ የእርምጃው ከፍታ፣ የካሜራው የቅርብ ርቀት፣ በቪአርም የሁለቱ ዓይኖች ርቀት ሁሉም በግማሽ ይባዛሉ። ስበቱም እንዲሁ፤ 9.81 ላይ ከተተወ ትንሹ ሰው እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ተጫዋቹን ባለበት ትቶ ክፍሉን በግልባጩ ማሳደግ ነው። የፊዚክስ ኢንጂኖች ጥቃቅን አካል አይወዱም፤ ዩኒቲ በነባሪ 0.01 ሜትር የግጭት ክፍተት ይይዛል፣ ወደ አንድ አሥረኛ ላነሰ ተጫዋች ደግሞ ያ የአሥር ሴንቲሜትር ያህል ነው። ዕቃዎች በአየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ።

ጉብጠት ያለው ወለል

እስካሁን ክፍሎቹ ውስጣቸው ቀጥ ያለ ነበር። ሎባቼቭስኪ በ1829 ያሳተመው ጂኦሜትሪ፣ ሃይፐርቦሊክ የምንለው፣ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ በየመገናኛው ያለው ማትሪክስ ነው የሚለየው። ለመጀመር የሚመቸው በእያንዳንዱ ጥግ ላይ አምስት ካሬዎች የሚገጥሙበት ወለል ነው። በጠፍጣፋ ወለል አራት ብቻ ይገጥማሉ፤ እዚህ የካሬው ጥግ 90 ሳይሆን 72 ዲግሪ ነው።

ልኮቹ ቁርጥ ናቸው። የጉብጠቱን ሬዲየስ 1 ብንል የካሬው ጎን 1.2537፣ ከመሀል እስከ ጥግ 0.8425፣ ከአንዱ መሀል እስከ ጎረቤቱ መሀል 1.0613 ነው። እዚህ ዓለም ውስጥ ቅርጽን ጠብቆ ማሳደግ የሚባል ነገር ስለሌለ እነዚህን ቁጥሮች መለወጥ አይቻልም። ጎኑ 10 ሜትር እንዲሆን ከፈለጋችሁ የጉብጠቱ ሬዲየስ 7.98 ሜትር መሆን ግድ ነው። በተራ ሶፍትዌር የተሠራ ሞዴልም ሲገባ ይለጠጣል፦ ከመሀሉ 0.1 ርቆ ልዩነቱ አይታይም፣ በ0.5 ዙሪያው 4 በመቶ ያድጋል፣ በ1 ደግሞ 17.5 በመቶ። ትልልቅ ሕንጻን ቆራርጣችሁ አስገቡ።

እያንዳንዱ የወለል ነጥብ በሦስት ቁጥሮች ይያዛል፤ ሀ፣ ለ እና መ እንበላቸው፤ የመ ካሬ ከሀ እና ከለ ካሬዎች ሲቀነስ ሁልጊዜ 1 መሆን አለበት። በሀ አቅጣጫ ረ ያህል መሄድ እንዲህ ይሰላል፤ ሲንሽና ኮሽ በየፕሮግራሚንግ ቋንቋው ዝግጁ የሆኑት ሃይፐርቦሊክ ሳይንና ኮሳይን ናቸው፦

አዲሱ ሀ = ሀ × ኮሽ(ረ) + መ × ሲንሽ(ረ)
አዲሱ መ = ሀ × ሲንሽ(ረ) + መ × ኮሽ(ረ)

ለ አይነካም። ወደ ጎረቤት የሚያሻግረው ማትሪክስ ይኸው ቀመር ረ በ1.0613 ተተክቶ፣ ከፊትና ከኋላው በ90 ዲግሪ ብዜቶች እየዞረ ነው። እያንዳንዱ ካሬ ከየትኛው ጎረቤት በየትኛው ጎኑ እንደሚገጥም ይመዝግብ።

የሁሉንም ነገር ቦታ ከአንድ መነሻ ለመቁጠር አትሞክሩ። መ በርቀት እጅግ ያድጋል፤ በፍሎት (ባለ 32 ቢት የአስርዮሽ ቁጥር) ከመነሻው 9 ያህል ሲርቁ ያ የ1 ልዩነት ከቁጥሩ ትክክለኛነት በታች ይወድቃል፣ በደብልም (ባለ 64 ቢቱ) 19 ላይ ያበቃል። ተጫዋቹ የቆመበት ካሬ ሁልጊዜ መነሻ ይሁን። የጎረቤቱ መሀል ሲቀርበው የተጫዋቹን ማትሪክስ በማሻገሪያው ግልባጭ አባዙና መነሻውን ቀይሩ። ያኔ ቁጥሮቹ ከ0.8425 ርቀት አይዘሉም፤ ፍሎት ይበቃል። ጥቃቅን የማባዛት ስህተት ግን ስለሚጠራቀም በየፍሬሙ ማትሪክሱን አጽዱ፤ አምዶቹን እርስ በርስ በ90 ዲግሪ የማቆሙ ተራ ዘዴ ነው፣ የመ ድርሻ ብቻ በመቀነስ ይገባል።

አዲስ ካሬ ከመፍጠራችሁ በፊት በሚነካቸው ጥጎች ዙሪያ ዙሩ። ከዚህ ካሬ በሌላኛው በኩል ጥጉን እየዞራችሁ አራተኛው ላይ ስትደርሱ ካሬ ካገኛችሁ ጎረቤቱ እሱ ነው፣ አገናኙት። ይህን ከዘለላችሁ አንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ ይፈጠርና ተጫዋቹ የጣለውን ዕቃ ተመልሶ አያገኘውም።

ለመሳል ከተጫዋቹ ካሬ ጀምራችሁ ወደ ጎረቤቶች እየዘለቃችሁ ማትሪክሶቹን አባዙ። በረ ርቀት ውስጥ ያሉት ካሬዎች በግምት 5 × (ኮሽ(ረ) − 1) ናቸው፦ በ4 131፣ በ5 366፣ በ6 ከ1000 በላይ፣ በ8 ከ7400 በላይ። ጉሙን 3.5 ላይ ጀምሩና 5 ላይ ዝጉት። በቨርቴክስ ሼደሩ (የሞዴሉን የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ የሚያሰላው) ውስጥ የሀ እና የለን ካሬዎች ድምር ስር ውሰዱ፤ እውነተኛው ርቀት የዚያ ቁጥር የሲንሽ ግልባጭ ነው። ሀንና ለን በዚህ ርቀት አባዝታችሁ ለስሩ አካፍሉ፣ ከዚያ ተራው ካሜራ ይሳለው። ስሩ ከ0.0001 ሲያንስ ማካፈሉን ዝለሉት። ርቀቱን ከመ በኮሽ ግልባጭ ማስላትም ይቻላል፣ ግን ቅርብ ላይ ቁጥሩ ይንቀጠቀጣል፤ እግር ሥር ያለው ወለል ሲርገበገብ ካያችሁ መነሻው እሱ ነው። ከፍታ እንዳለ ያልፋል፤ ወለሉ ሃይፐርቦሊክ፣ ቁመቱ ቀጥ ያለ ይሆናል። ረጅም ግድግዳ በዚህ አሳሳል ስለሚጎብጥ ከ0.1 በማይበልጡ ቁራጮች ይከፋፈል።

ፈተናው ይህ ነው። ከካሬ መሀል ተነሱ፤ 1.0613 ወደፊት፣ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ፤ ይህን አምስት ጊዜ። በአጠቃላይ 450 ዲግሪ ዞራችሁ በተነሳችሁበት ነጥብ ላይ፣ በተነሳችሁበት አቅጣጫ መቆም አለባችሁ። በአራተኛው ከተመለሳችሁ ማትሪክሶቹ አሁንም ጠፍጣፋ ናቸው።

በቪአር ሲለበስ

በቪአር ይኸው ፈተና በእግር ይታያል። ሰውየው ፊቱን ሳያዞር ወደፊት፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ እኩል ቢራመድ በእውነተኛው ክፍል ወደ ተነሳበት ቦታ ይመለሳል፤ በቨርቹዋሉ ግን ገና አንድ እርምጃ ይቀረዋል። ያንን ሲጨርስ ካሬው የእሱ ነው፣ ዓለሙ ግን 90 ዲግሪ ዞሮበታል። ሦስቱም አቅጣጫ ሃይፐርቦሊክ ቢሆን ይህ መዞር ወለሉንም ያዘነብለው ነበር። ቪ ሃርት፣ አንድሪያ ሆክስሊ፣ ኤሊዛቤታ ማትሱሞቶና ሄንሪ ሴገርማን በ2017 ባቀረቡት ሥራ ቁመቱን ቀጥ አድርገው ወለሉን ብቻ ያጎበጡበት ዓለም አለ፤ ወለሉ አግድም ሆኖ ይቀራል። ከላይ የተከተልነውም ያንኑ ነው።

ሁለቱ ዓይኖች ለየብቻ መሰላት አለባቸው፤ የአንዱን ምስል አንሸራትቶ ለሌላው መስጠት አይሠራም። በትክክል ሲሠራም አንድ ነገር ያስደነግጣል። በሃይፐርቦሊክ ወለል ላይ በጣም ሩቅ ያለ ነገር እንኳ ለሁለት ዓይን ከጉብጠቱ ሬዲየስ በላይ የራቀ አይመስልም፤ ጎኑ 10 ሜትር በሆነው ካሬያችን ይህ 8 ሜትር ገደማ ነው። ስህተት መስሏችሁ የዓይኖቹን ርቀት አትነካኩ። ዓለሙ እንዲሰፋ ከፈለጋችሁ ካሬውን አሳድጉ፤ ጎኑ 50 ሜትር ሲሆን ያ ወሰን ወደ 40 ሜትር ይሸሻል፣ ጉብጠቱ ግን በእግር ለመሰማት ይዘገያል።

የተጫዋቹ እውነተኛ ክፍል ጠባብ ከሆነ ወደ መጀመሪያው ዘዴ መመለስ ያዋጣል፦ ሁለት ቨርቹዋል ክፍሎች በአንዱ እውነተኛ ወለል ላይ ይደራረቡና በመሀላቸው በሚታጠፍ መተላለፊያ ይለዩ። ኤቫን ሱማና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት ትንንሽ ክፍሎች እስከ 56 በመቶ ቢደራረቡም ሰዎች እንደማይነቁ አሳይተዋል። ክፍሉ የሚቀየረው ተጫዋቹ መተላለፊያው መሀል ላይ ሲደርስና ሁለቱም በሮች ከእይታው ውጭ ሲሆኑ ነው፤ የሰውየውን ቦታ ብቻ ሳይሆን የጭንቅላቱን አቅጣጫም እዩ፣ ወደ ኋላ ዞሮ የሚራመድ ሰው አለና።